የጎሐ ጽባሕ ባለቤት፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ወደ ሐዋሳ ከተማ ሄደን ሳለ፣ እሑድ ጧት አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቅ ዳርቻ ወርደን ነበር። ቦታውን ያየ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ጀልባዎቹ በመረብ የያዙትን ዓሣ ይዘው ሲጠጉ አስጋሪው፣ ቸርቻሪው፣ ለመብላት የመጣው እንግዳና ያ ባለ ረጅም እግሩ አባ ኮዳ ሁሉም ባንድነት ይሰበሰባሉ። ጐበዛዝቱ የዓሣውን ቆዳ በፍጥነት ገፈው ሥጋውን ለገዢ ሲያቀርቡ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ በሸንጎ እንደ ተቀመጠ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው የሚጣለውን ራስና አንጀት ይጠባበቃሉ። እኛም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ ስንበላ፣ አጠገባችን መረብ ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ስለ ሐይቁ የሚነገረውን የጥንት ተረት ጀመሩ። ካርታ የሚጫወቱት ልጆች ካርታቸውን አቆሙ፤ ዓሣ ሻጪቱም ሚዛኗን አስቀምጣ ታዳምጥ ጀመር።

ተረቱ ሲያልቅ አብሮን የነበረው ወዳጃችን ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ይህ ወዳጃችን በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የሚሠራ ወጣት ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣ ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ ባንክ ቤት ገባ፤ ከዚያም በአንድ የርዳታ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ያዥ ሆነ፤ አሁን ደግሞ በመንግሥት ሥራ ላይ ነው። ዘመዶቹ ስለዚህ ነገር አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ነው እያሉ ያሙታል። በልቡ ያለው ግን ሌላ ነው። ያን ጧት እንደ ሰማነው ያለውን ተረትና የሰውን የኑሮ ታሪክ እየለቀመ፣ በድምፅ እየቀዳና በጽሑፍ እያሳተመ የሚሸጥ ድርጅት ለማቋቋም ይመኛል። ሐሳቡን ለአለቃው ቢያዋየው አለቃው እንደ ሳቀበት፣ እናቱም ሰምተው እንዳለቀሱ አጫወተን። በመጨረሻም በአገራችን ከሥራ ወደ ሥራ ሲዘዋወር ኖሮ፣ ዕድሜው ከጐለመሰ በኋላ ለታሪክና ለልብ ወለድ የሚሆን ቤት ያቆመ ሰው ከዚህ ቀደም ይገኝ እንደ ሆነ ጠየቀን።

እኛም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ጠራንለት። ወዳጃችን ስማቸውን ያውቃል፤ የሚያውቃቸው ግን እንደ ብዙዎቻችን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን ብቻ ነው። ስለ ማተሚያ ቤታቸው ሰምቶ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጨዋታ ነው። እኒያ ሰው ሐዋሳ የምትባለውን ከተማ አላዩአትም፤ ከተማይቱ የተቈረቈረችው እሳቸው ከሞቱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነውና። ነገር ግን ጥያቄው የተነሣው በአሞራ ገደል ስለ ሆነ መልሱም ከዚያ ተነሥቶ ቢሄድ ነውር የለውም።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። የመጀመሪያ ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር፤ ኋላም ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ደብር ተምረዋል። ሥራ የጀመሩትም በጸሐፊነት ነው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊ መሆን ማለት ዛሬ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ እንደ መምራት አልነበረም። ጸሐፊው ብርዑን ራሱ ይቀርጻል፤ ቀለሙን ራሱ ያዘጋጃል፤ አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። የተጻፈውም መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ባለጸጋ ወይም ደብር ከገዛው በኋላ ሌላው ሰው የሚያየው በአጋጣሚ ነበር። ኅሩይ ይህን ድካም በእጃቸው አውቀውታል። ማተሚያ መኪና ምን እንደሚያድን ከሚኒስትሮች ሁሉ ይልቅ የሚያውቅ ቢኖር ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው።

በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ልዑል ራስ ካሣ የተባሉት፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ሲላኩ ኅሩይ አብረው ሄዱ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ከዚህ መንገድ ከተመለሱ በኋላ የሠሩት ሥራ ለእኛ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሹመት አልጠየቁም፤ ልብ ወለድም አልጻፉም። በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ስም እየለቀሙ መዝገብ አደረጉና በ1904 ዓ.ም. አሳተሙት። ይህም ካታሎግ ይባላል። ኋላም በ1920 ዓ.ም. አስፍተው ደግመው አውጥተውታል።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንየው። በዚያን ዘመን ስለ መጻሕፍት ማሰብ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈውን ያስባል እንጂ የተጻፈውን አይቈጥርም። ኅሩይ ግን መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ቈጠሩ። ዛሬ ገበያ ማጥናት የሚባለውን ነገር አንድ የደብር ጸሐፊ፣ ገና ትልቅ ስም ሳይኖረው፣ ስሙንም ሳያውቀው ሠራው ብንል ማጋነን አይመስለንም። በዝርዝሩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሞልቷል፤ ለተራ አንባቢ የሚሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ ጨዋታና ታሪክ ግን በጣም ጥቂት ነበር። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮማ ነው። የጎደለው የት ላይ እንደ ሆነ ኅሩይ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ሥራን እየተካ መጣ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መጀመሪያ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት አስተዳደሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ በታላቁ ጦርነት ድል ላደረጉት መንግሥታት የደስታ መግለጫ ለማድረስ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ተልከው አሜሪካ ድረስ ሄዱ፤ ከፕሬዚዳንት ዊልሰንም ጋር ተገናኙ። በዚያው መንገድ በኒው ዮርክ አንድ የታወቀ ክበብ ለመልእክተኞቹ የታሰበውን ግብዣ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት እንዳይደረግ መከልከሉ የታወቀ ነገር ነው። የነጻ አገር መልእክተኛ ሆኖ በር ሲዘጋበት ያየ ሰው፣ ስለ አገሩ የሚነገረውን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲነግርለት አይተውም ብለን እናስባለን። ከአሜሪካም መልስ በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚያየው የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ደብተራ፣ ጸሐፊ፣ የከተማ ሹም፣ መልእክተኛ፣ ዳኛ። የወዳጃችን ዘመዶች በዚያን ጊዜ ቢኖሩ ኅሩይንም አንድ ቦታ የማይረጉ ሰው ናቸው ብለው ባሟቸው ነበር። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሥራዎቹ ሁሉ የሰው ታሪክ የሚሰማባቸው ቦታዎች ናቸው። በማዘጋጃ ቤት የከተማው ሰው ስለ መሬትና ስለ ድንበር ይጮኻል፤ በፍርድ ቤት ከሳሽም ተከሳሽም የየራሱን ታሪክ ይዞ ይቆማል፤ በመርከብ ላይ የማያውቁት ሰው ኑሮውን ያወጋል። በየልብ ወለዶቻቸው ውስጥ ያሉት የተጣሉ ዘመዶች፣ የጋብቻ ድርድሮችና የተዝካር ጭቅጭቆች ከዚህ ሁሉ የመጡ ይመስሉናል።

ከኅሩይ በፊት በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። እንግሊዛዊው ዊልያም ካክስተን የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ብሩዥ በምትባለው ከተማ የአገሩ ነጋዴዎች ሹም ሆኖም ብዙ ዓመት ሠርቷል። ዕድሜው ወደ አምሳ ሲጠጋ የትሮይን ጦርነት ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመ። መጽሐፉን የሚፈልጉ ወዳጆች ሲበዙ በእጅ እየጻፈ ማዳረስ አቃተው፤ ስለዚህ ኮሎኝ በምትባለው የጀርመን ከተማ የማተምን ጥበብ ተማረና ያንኑ ታሪክ አሳተመ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ይኸው ነው። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያ ቤት ከፈተ። ብዙ የሥራ ዓይነት አይቶ፣ ታሪክ ወድዶ፣ እጁ ደክሞ ወደ መኪና የሄደ ሰው ነው። በእሱና በኅሩይ መካከል ያለው ዘመን አራት መቶ አምሳ ዓመት ያህል ነው፤ መንገዳቸው ግን አንድ ነው።

የኅሩይ ብዕር በ1910 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አላረፈም። በዚያ ዓመት ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለውን አወጡ። በ1915 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት ተከተሉ። አንደኛው የሕይወት ታሪክ የሚባለው ነው፤ በዚያም የነገሥታቱን፣ የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን አጭር አጭር ታሪክ በስም ተራ ጽፈዋል፤ የጻፉበትንም ምክንያት በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ነው ብለው በርእሱ ላይ ገልጸዋል። በኋላ ጊዜ የተነሣነው ልጆች እንግዲህ እኛ ነን። ስለ ብዙዎቹ ሰዎች የምናውቀው እሳቸው በጻፉት ልክ ነው። ሁለተኛው ወዳጄ ልቤ ነው። ይህም ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እየተነጋገረ በዚህ ዓለም መንገድ ሲጓዝ የሚያሳይ ምሳሌ ነው፤ ቀደም ሲል በሚሲዮናውያን አማካይነት ወደ አማርኛ ተመልሶ የነበረው የጆን ቡንያን የክርስቲያን መንገድ ታሪክ መንፈስ አለበት። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኅሩይ ተከትለው ሄዱ፤ የመንገዱንም ታሪክ ደስታና ክብር ብለው አሳተሙት።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን ሌላ ሰው ባቆመው ማተሚያ ቤት ተራ እየጠበቁ ነበር። በአዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ዋናው ማተሚያ ቤት አልጋ ወራሹ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ ብርሃንና ሰላም የተባለው ነው፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያው ስም የሚጠራውን ጋዜጣ ያትም ነበር። የመንግሥት ማስታወቂያ፣ ጋዜጣና የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚሻሙበት መኪና ላይ ልብ ወለድ መቼ ተራ ይደርሰዋል? ኅሩይ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ያቆሙት በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው። ስሙንም ጎሐ ጽባሕ አሉት፤ የንጋት ጎሕ ማለት ነው። ዋዜማ የተባለው የነገሥታት ታሪክ መጽሐፋቸው በ1921 ዓ.ም. የወጣው ከዚሁ ቤት ነበር።

ዛሬ በስልክ ጣቱን አንድ ጊዜ ነክቶ ጽሑፍ ለሚያሠራጭ አንባቢ የዚያን ዘመን ማተሚያ ቤት ምን እንደሚመስል ብናስረዳ አይከፋም። ፊደሎቹ ከእርሳስ የተቀረጹ ናቸው። እንግሊዛዊው ፊደል ለቃሚ ከፊቱ ባለው ሣጥን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓይነት ፊደል፣ ትልቅና ትንሽ አድርጎ፣ ቢይዝ ሥራው ይሄድለታል። የአማርኛው ለቃሚ ግን ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ሰባት ቤት ሲያባዛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆንበታል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ለእያንዳንዱም የራሱ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ለቃሚው ፊደሉን ባንድ ባንድ እያነሣ፣ ግልብጥ አድርጎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። ለ ን በ በ ቢተካ፣ ወይም ሰ ን በ ሰ ካዕብ ቢለውጥ፣ ስሕተቱ በሁሉም ቅጂ ላይ ይወጣል። አንዱ ገጽ ከታተመ በኋላ ፊደሉ ፈርሶ ወደየጉድጓዱ ይመለሳል፤ ያው ፊደል ለሚቀጥለው ገጽ ይፈለጋልና። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከጅቡቲም በባቡር አዲስ አበባ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ ለመጽሐፍ ገንዘብ የሚያወጣው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነበር። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን ማተሚያ ቤት ማቆም ለትርፍ የቸኰለ ሰው የሚመርጠው ንግድ አይደለም።

ኅሩይ ግን አንድ ነገር በእጃቸው ገባላቸው። ካዩት፣ ከጻፉት፣ ካተሙትና ለአንባቢ ካደረሱት መካከል የሌላ ሰው በር የለም። የዚህን ጥቅም በግልጽ የምናየው በጃፓን መንገዳቸው ነው። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የጃፓን መልእክተኛ መጥቶ ነበር፤ ለዚህም ምላሽ እንዲሆን ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ከልጅ አርአያ አበበ፣ ከአቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምና ከአቶ ዳባ ብሩ ጋር ወደ ቶኪዮ ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱን አዩ፤ ትምህርት ቤቶቹንና ፋብሪካዎቹን ጐበኙ። በተመለሱበት በዚያው ዓመት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለው መጽሐፍ ታተመ። ሌላው ሚኒስትር ቢሆን ያየውን በሪፖርት ጽፎ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ይቈልፍ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ ለሕዝብ ታሪክ አድርገው አወጡት። የአዲስ አበባ ተማሪ አውሮፓዊ ሳይሆን ሠልጥኖ የተገኘ አገር መኖሩን ያነበበው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ስለ ጃፓን የነበራቸው ተስፋ ከእውነቱ እጅግ የበዛ እንደ ነበር ዛሬ ልንክድ አንችልም፤ ጃፓን ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ አልደረሰችላትም። የሆነ ሆኖ መጽሐፉ ወጣቱን አነጋግሯል፤ የታሪክ ቤት ሥራውም ይኸው ነው።

ከጃፓኑ መንገድ አስቀድሞ በ1923 ዓ.ም. የልብ አሳብ፣ ይኸውም የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ወጥቶ ነበር፤ ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ የተጻፈ ታሪክ ነው። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲስ ዓለም ተከተለ። የዚህ ልብ ወለድ ሰው ዐወቀ ይባላል፤ የተጉለት ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር ሄዶ ብዙ ዓመት ተምሮ ሲመለስ ዘመድ አዝማዱ የተማረውን ትምህርት ሳይሆን የለወጠውን ልማድ ይቈጥርበታል። ስለ ተዝካር ድግስ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት የሚነሣው ክርክር ሁሉ በሱ ላይ ይወርዳል። ይህን መጽሐፍ ዛሬ ከገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለበዓል ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ ቢያነበው የራሱን ዘመዶች በውስጡ ሳያገኝ አይቀርም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እኒህ ልብ ወለዶች እንደ ልብ ወለድነታቸው ጉድለት አለባቸው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰባኪ ይሆናሉ፤ ክፉው ሰው ክፋቱን ሳይጨርስ ይመከራል፤ ደራሲውም ከታሪኩ ፊት እየቀደመ ትርጓሜውን ይነግረናል። ከዚህ የሚበልጥም ጉድለት አለ። ደራሲው ሚኒስትር ነው፤ የማተሚያ ቤቱም ባለቤት ሚኒስትር ነው። ስለዚህ የዘመዱን ተዝካር፣ የካህኑን ስንፍናና የባላገሩን ልማድ በድፍረት ሲነቅፍ፣ ከዙፋኑ አጠገብ ሲደርስ ብዕሩ ዝቅ ይላል። የራሱ መኪና ያለው ሰው የልቡን ሁሉ ይጽፋል ብሎ የሚገምት አንባቢ ይህን ልብ ይበል። መኪናው የራስ ቢሆንም ሹመቱ የሌላ ነው።

ወዳጃችንም በዚህ ላይ ነበር የተከራከረን። እኒያ ሰው ብላቴን ጌታ ነበሩ፤ ንጉሡ ያውቋቸዋል፤ ገንዘብም ስምም ነበራቸው፤ እኔ ግን የወር ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም የሚል ነበር ነገሩ። ክርክሩ ትክክል ስለ ሆነ አልተቃወምነውም። ማተሚያ ቤቱን ያቆሙት ሰው በእርግጥ ትልቅ ሹም ናቸው። ግን ያን ካታሎግ የጻፉት ሰው ትልቅ ሹም አልነበሩም። በ1904 ዓ.ም. እና በ1921 ዓ.ም. መካከል አሥራ ሰባት ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንግሥት የሚሰጣቸውን ሥራ እየሠሩ የራሳቸውን ሥራ አልተዉም። ደመወዝ ከሚያገኙበት ጠረጴዛ ተነሥተው ማታ ማታ ይጽፉ ነበር ብንል ከመጻሕፍቱ ብዛት የተነሣ የሚያምነን ብዙ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ነው። በ1927 ዓ.ም. እኔና ወዳጆቼ የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጡ ጦርነቱ በደጅ ነበር። ያን ጊዜ ኅሩይ ቀን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ከየአገሩ መልእክተኞች ጋር ስለ ጣሊያን ነገር ሲከራከሩ ይውላሉ። ትልቁ ሥራቸው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ፣ በ1928 ዓ.ም. በኅትመት ላይ ሳለ ጠላት አዲስ አበባ ደረሰና ሥራው ተቋረጠ፤ መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው ደራሲው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እሳቸውም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ። ለሠላሳ ዓመት የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ የለቀሙት ፊደልና ያቆሙት ቤት ሁሉ ከኋላ ቀረ።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲኖሩ የባሰ ወሬ መጣ። በካምብሪጅ ተምሮ አገሩ ገብቶ የነበረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። በዚያ ዓመት የካቲት 12 ቀን ከግራዚያኒ ሙከራ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋና በተከተሉት ወራት ጠላት የተማረውን ወጣት እየፈለገ ነበር የሚገድለው። ሐዲስ ዓለም ውስጥ ዐወቀ ብለው የጻፉት ልጅ፣ ተምሮ የሚመለሰውና አገሩን የሚለውጠው ልጅ፣ በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ሆኖ ቀረ። ይህን ስናስብ ያን ልብ ወለድ ሰባኪ ነው ብለን የነቀፍነውን ነቀፌታ ጥቂት እናለዝበዋለን። አባት ለልጁ ሊሆንለት የሚመኘውን ሲጽፍ ምክር ቢበዛበት አይፈረድበትም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው በባዝ ከተማ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። አገራቸው ነጻ ስትወጣ ለማየት ሦስት ዓመት እንኳ አልቀራቸውም ነበር። ከነጻነት በኋላ ዐፅማቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

ከልጆቻቸው ሲራክ ኅሩይ ቀርቶ ነበር። እሱም በኦክስፎርድ የተማረ ነው። ከብዙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መካከል መርጦ ወደ አማርኛ የመለሰው የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ነው፤ ኢትዮጵያን አይቷት የማያውቅ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ልዑሉ ሁሉ ነገር ከሞላበት ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሰውን ልዩ ልዩ ኑሮ ለማየትና የትኛው ሥራ እንደሚሻል ለመምረጥ ወጥቶ ይሄዳል። የጆንሰን ራሱ ኑሮ እንዲህ ነበር፤ አስተማሪ ሆኖ አልሆነለትም፤ ለጋዜጣ ጻፈ፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ራሴላስንም የጻፈው እናቱ በሞቱ ጊዜ ገንዘብ ቸግሮት በጥቂት ቀን ነው ይባላል። የኅሩይ ልጅ ይህን ታሪክ መምረጡ በአጋጣሚ ይሁን በአሳብ፣ አባቱ ከጀመሩት መንገድ ግን አልወጣም።

ወዳጃችን ከመሥሪያ ቤቱ አልለቀቀም። እኛ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ እንደ ነገረን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው አንድ ደብተር ገዝቶ በሐዋሳና በአካባቢው ተረት የሚያውቁ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ስም፣ የሚያውቁትንም የተረት ዓይነት መመዝገብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ይዞራል። የመጀመሪያው ስም በአሞራ ገደል መረብ ሲጠግኑ ያገኘናቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ደብዳቤው እስከ ደረሰን ቀን ድረስ ዐሥራ ሰባት ሰው መዝግቧል። እናቱ አሁንም አልተደሰቱም፤ ሆኖም ዐሥራ ስምንተኛው ስም የእሳቸው ታላቅ እኅት እንዲሆኑ መንገዱን ያሳዩት እሳቸው ናቸው።